«ለምን አረፈድክ?» ሲሉት እጁን የሚዘረጋ ልጅ፦ ለደሴ ትምህርት መምሪያ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለደሴ ከተማ አስተዳደር ትምህርት መምሪያ፣
ለከተማችን ርዕሳነ መምህራንና መምህራን፣
እንደኔ ልጅ ለምትልኩ ወላጆችም፤

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ከረማችሁ?

ደሴ ውስጥ ከአንድ ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ደብተርና እስክሪብቶ እሸጣለሁ። የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። የትምህርት ቤቱን ስም አልጠራም። ከሌሎች ወላጆች ጋር ስናወጋ ነገሩ የአንድ ግቢ ብቻ እንዳልሆነ ሰምቻለሁ። አንድ ርዕሰ መምህር ተጠርቶ እንዲወቀስልኝም አይደለም የምጽፈው። የማየውን ላሳያችሁ ፈልጌ ነው። እኔ ያለሁበት ቦታ ሆናችሁ በየጠዋቱ ብታዩት፣ እናንተም ዝም እንደማትሉ አምናለሁ።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደወል ይደወላል። ልጆቹ ይሰለፋሉ፣ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፣ መዝሙር ይዘመራል። በሩ ይዘጋል። የብረት በር ነው፤ ሲዘጋ ድምፁ እኔ ሱቅ ውስጥ ያለውን መስታወት ያንቀጠቅጠዋል። ከዚያ በኋላ የደረሰ ልጅ ውጭ ነው። አንዳንድ ቀን ሰልፉ ሲያልቅ በሩ ገርበብ ይልና ያረፈዱት አንድ በአንድ ይገባሉ። ከውስጥ አንድ መምህር የተቆረጠ ጎማ ይዘው ይጠብቃሉ። «ለምን አረፈድክ?» ይላሉ። ልጁ አፉን ሳይከፍት «እጅህን ዘርጋ» ይባላል። ሁለት፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ጠጠሩ ላይ ይንበረከካል። አንዳንድ ቀን ደግሞ በሩ ጭራሽ አይከፈትም።

ደሴን የሚያውቅ ያውቀዋል። 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነን። የጦሳ ተራራ ጭጋግ የለበሰ ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ኮምቦልቻ ያሉ ዘመዶቻችን በስስ ልብስ ሲውሉ እኛ እዚህ ጋቢያችንን አንጥልም። ውጭ የቀሩት ልጆች ብዙዎቹ ከላይ የለበሱት አንድ ስስ ሹራብ ነው። የኔ ቆርቆሮ ሥር ይሰበሰባሉ። «እትዬ፣ እስኪከፈት እንጠለል?» ይሉኛል። አስገባቸዋለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን አንድ ነገር ይገርመኝ ነበር። ማሽኑን ሳስነሳ ሁሉም ዙሪያውን ይከቡታል። ማሽን ማየት ወደው መስሎኝ ነበር። ለካስ ከፎቶ ኮፒ የሚወጣ ወረቀት ትኩስ ነው! የተበላሸ ቅጂ ሲወጣ «ለእኔ፣ እትዬ፣ ለእኔ» እያሉ ይሻማሉ። በሁለት መዳፋቸው መሃል አድርገው ይጨብጡታል። ሙቀቱ ትንሽ ቆይቶ ይጠፋል። ሌላ ይጠብቃሉ።

ከእነሱ መሃል አንድ ልጅ ነበር፤ የ4ኛ ክፍል ተማሪ። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ እስክሪብቶ ሊገዛ መጣ። ሳንቲሙን በግራ እጁ ሲቆጥር አየሁት፤ እያመለጠው ይወድቃል። «ቀኝህ ምን ሆነ?» አልኩት። አላሳየኝም። ኋላ ላይ ገለበጠልኝ። መዳፉ መሃል ላይ አብጧል። ሁለት ጣቶቹ አልታጠፍ ብለዋል። «የምትጽፈው በየትኛው ነው?» ስለው «በዚሁ ነው» አለኝ።

አሳዘነኝና አጎንብሼ፣ ድምፄን ቀነስ አድርጌ፣ «የኔ ልጅ፣ ለምን አረፈድክ?» ብዬ ጠየቅኩት።

ግራ እጁን ዘረጋልኝ።

ልመታው መስሎት ነው። ያቺን ቅጽበት አልረሳትም። እኔ የጠየቅኩት ለማወቅ ነበር፤ እሱ ግን ይህን ጥያቄ የሚያውቀው ዱላ ሊመጣ ሲል ነው። ስንት ጊዜ ተጠይቆ፣ አንዴም ሳይሰማ ቢቀር ነው እንዲህ የሆነው? እጁን ይዤ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት፤ ሻይ ገዛሁለት። ብዙ ቆይቶ መለሰልኝ። እናቱ እንጀራ ጋግረው ለሁለት ምግብ ቤቶች ያስረክባሉ። የሚያደርሰው እሱ ነው። አንደኛው ምግብ ቤት ጠዋት ዘግይቶ ይከፍታል። እንጀራውን በር ላይ ጥሎ መሄድ አይችልም። ይጠብቃል። ሲከፈትለት አስረክቦ ይሮጣል፤ ሲደርስ በሩ ተዘግቷል።

ይኸው ነው ታሪኩ። ለማወቅ አንድ ብርጭቆ ሻይ የሚጠጣበት ጊዜ በቃኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ደብተር ከፈትኩ። ሱቄ የሚጠለሉትን እየጠየቅኩ ምክንያታቸውን እጽፋለሁ። ስም አልጽፍም። መጀመሪያ ይፈሩ ነበር፤ አሁን ራሳቸው «እትዬ፣ የኔን ጻፊው» ይላሉ። ጥቂቱን ልገልብጥላችሁ።

«ውሃ መጥቶ ነበር። ጀሪካኖቹን ሳልሞላ ብወጣ ሳምንቱን ሙሉ ውሃ አይኖረንም።»

«ታናሽ ወንድሜን ኬጂ አድርሼ ነው የምመጣው። የእሱ በር የሚከፈተው ከእኛ ጋር እኩል ነው።»

«ዩኒፎርሜ አልደረቀም።»

«አያቴ ሌሊት አሟት ጤና ጣቢያ አደርን።»

«ጫማዬ ተበጥሶ ሊስትሮው እስኪሰፋልኝ።»

«ተኝቼ።»

«ጆተኒ ስጫወት ሰዓቱ ሄደብኝ።»

የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ሆን ብዬ ነው የጻፍኳቸው። ዝም ብሎ የሚያረፍድ ልጅ የለም አልልም። አለ። እሱም ግን እውነቱን ነው የነገረኝ፤ ለሚሰማው ሰው ልጅ እውነት ይናገራል። ጆተኒ ከሚጫወተው ጋር የሚደረገው ወሬ ሌላ ነው፣ ውሃ ከሚቀዳው ጋር የሚደረገው ሌላ። ሁለቱን የምትለዩት ጠይቃችሁ መልሱን ከሰማችሁ ብቻ ነው። ጎማው ሁለቱንም እኩል ይመታል።

የዩኒፎርሙን ነገር ትንሽ ላስረዳ፤ ከሩቅ ለሚያየው ሰበብ ይመስላል። አንድ ዩኒፎርም ብቻ ያላት ልጅ ማታ ታጥባ ታሰጣለች። በደሴ ጭጋግ ጠዋት ላይ እንዳለ እርጥብ ነው። እርጥቡን ለብሳ ብትመጣ ትታመማለች። ሳትለብስ ብትመጣ «ዩኒፎርም የት አለ?» ተብላ ትመለሳለች። ከሰል ላይ ስታደርቀው ታረፍዳለች። ይህች ልጅ ምን ብታደርግ ነው የማትቀጣ? እኔ መልሱን አጥቻለሁ።

በሩ ሲዘጋባቸው የት እንደሚሄዱም ልንገራችሁ። ቤት አይሄዱም። ቤት ያለው ቁጣ ከትምህርት ቤቱ የባሰ ሊሆን ይችላል። ደብተራቸውን እንዳቀፉ ይዞራሉ። ሰኞ ገበያ የሚወርድ አለ። ዋናው አስፋልት ዳር የሚቆም አለ፤ ከአዲስ አበባ በወሎ በኩል ወደ ሰሜን የሚሄደው የጭነት መኪና ከተማችንን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። አንድ ጠዋት አንዲት የ7ኛ ክፍል ልጅ ከሱቄ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። አንድ ጎልማሳ ሰው ጠጋ ብሎ «ነይ ሻይ ልጋብዝሽ፣ በርዶሻል» ሲላት ሰማሁ። ሥራዬን ጥዬ ወጣሁ። «ልጄ ናት!» አልኩት። ሄደ። እኔ ባልኖርስ? በሩን የዘጋው ሰው ለሰዓት ማክበር ብሎ ነው የዘጋው፤ ክፋት አስቦ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ልጅቷ ግን በዚያ ሰዓት የማንም ኃላፊነት ሳትሆን መንገድ ላይ ቀርታለች።

ይህን ነገር በወላጆች ስብሰባ ላይ አንስቼው ነበር። አንዳንዱ ራሱን ነቀነቀ። አንድ አባት ግን ተቆጡኝ። «መብት፣ መብት እያላችሁ ነው ልጁን ያበላሻችሁት። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» አሉኝ። አልፈርድባቸውም። እኔም እንዲሁ ነው ያደግኩት። አባቴ ትምህርት ቤት ሲያስገቡኝ ለመምህሩ «ዓይኗን ብቻ አደራ፣ ሌላውን ግረፏት» ብለው ነው ያስረከቡኝ። ፍቅራቸውን የገለጹበት መንገድ ነበር። እኔም የመጀመሪያ ልጄን በቁንጥጫ ነው ያሳደግኩት። አሁን ትልቅ ልጅ ሆና የሚያስጨንቃትን ነገር ለእኔ ከመንገሯ በፊት ለጓደኛዋ ትነግራለች። ያ የቁንጥጫው ዋጋ እንደሆነ እያደር ነው የገባኝ።

ለእኚያ አባት ያልኳቸውን እዚህም ልድገመው። የልጆች መብት ከውጭ የመጣብን ፋሽን አይደለም። በገዛ ሕገ መንግሥታችን ውስጥ አለ። በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ላይ፣ ሕፃን ልጅ በትምህርት ቤት አካሉን ከሚጎዳ ቅጣትና ከጭካኔ አያያዝ ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ተጽፏል። «በትምህርት ቤቶች» ብሎ ስሙን ጠርቶ። የተባበሩት መንግሥታትን የሕፃናት መብቶች ስምምነትም አገራችን በ1983 ዓ.ም ተቀብላለች። እዚያ ውስጥ አንቀጽ 12 የሚባል አለ። ልጅ እሱን በሚመለከት ጉዳይ ሐሳቡን የመናገር መብት አለው፤ የተናገረውም እንደ ዕድሜውና እንደ ብስለቱ ሚዛን ሊሰጠው ይገባል ይላል። እኔ የምጮኸው ለዚችው ነው። ልጁ ይናገር፤ የተናገረውም ይሰማ።

«ታዲያ ግዴታስ?» ለሚለው ደግሞ፣ ግዴታም ተጽፏል። የአፍሪካ የሕፃናት መብቶችና ደኅንነት ቻርተር በ1982 ዓ.ም የጸደቀው እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ነው። አንቀጽ 31 ልጅ ወላጆቹንና ታላላቆቹን እንዲያከብር፣ ቤተሰቡንና ማኅበረሰቡን እንዲያገለግል ያዛል። እንጀራ አድርሶ የሚያረፍደው ልጅ እኮ ይህን ነው የሚያደርገው። ይኸው ቻርተር አንቀጽ 11 ላይ ደግሞ የትምህርት ቤት ሥነ ሥርዓት የልጁን ክብር የጠበቀ እንዲሆን ይጠይቃል። ሁለቱ አብረው ነው የተጻፉት።

ይህን ሁሉ ከየት አወቅሽ ትሉኝ ይሆናል። ከራሳችሁ መምህር ነው። በየዓመቱ ሰኔ 9 የአፍሪካ ሕፃናት ቀን ሲከበር የትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ክበብ ተጠሪ መምህርት እኔ ዘንድ ይመጣሉ። ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ አባዛለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ። ሳባዛው አነበብኩት። ቀኑ ለምን እንደሚከበርም ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው። በ1968 ዓ.ም በደቡብ አፍሪካ ሶዌቶ ተማሪዎች «በማንፈልገው ቋንቋ አታስተምሩን» ብለው ሰልፍ ወጡ። መልሱ ጥይት ሆነ። ልጆች ተናግረው ሳይሰሙ የቀሩበት ቀን ነው የሚታሰበው። መምህርቷ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እንዲህ ያሉ መምህራን በየግቢው አሉ። አንድ ለእናታቸው ሆነው ነው የሚለፉት፤ እባካችሁ አግዟቸው።

ስለ መምህራን ካነሳሁ ሌላም ልበል። ክፍሉ በልጅ እንደታጨቀ አውቃለሁ። ደመወዙ ለቤት ኪራይ እንደማይበቃም አውቃለሁ፤ ወር ሳይሞላ በዱቤ ወረቀት የሚወስዱኝ መምህራን አሉ፤ ደስ እያለኝ ነው የምሰጣቸው። ያ ሁሉ ልጅ ሲንጫጫ ጎማ ማንሳት የሚቀል መሆኑ ይገባኛል። ግን ደሴ በ2014 ዓ.ም ያለፈችበትን አብረን አይተናል። ጦርነቱ ሲቃረብ ከሰሜን ወሎ የተፈናቀለው ሕዝብ ያደረው በነዚሁ ትምህርት ቤቶች ነው። ኋላ እኛም ተራችን ደርሶ ወጣን። ዛሬ የሚማሩት ልጆች ያኔ ትንንሽ ነበሩ፤ በእናታቸው ጉያ ሆነው የሰሙት ድምፅ አለ። ያ የብረት በር ሲላተም ጠረጴዛዬ ሥር የምትገባ ልጅ አለች። 10 ዓመቷ ነው። ሌሎቹ መጀመሪያ ይስቁባት ነበር፤ አሁን አይስቁም። በሩ ሊዘጋ ሲል ትልቆቹ ጆሮዋን ይይዙላታል። ልጆቹ ያወቁትን እኛ አዋቂዎቹ እንዴት አናውቅም?

እኛ ወሎዎች ደግሞ መስማት የምናውቅ ሰዎች ነን። ሰው ሲጣላ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሽማግሌ አንድ ላይ ቁጭ ብሎ ሁለቱንም ወገን ሳይሰማ አይፈርድም። አንዱን ብቻ ሰምቶ የፈረደ ሽማግሌ ሁለተኛ አይጠራም። ለአዋቂው ያልነፈግነውን ወግ ለልጅ መንፈግ የለብንም።

አንድ ሌላ ነገር በአጭሩ። የፈተና ወረቀት መዋጮ ያልከፈለ ልጅ ከክፍል ሲወጣ አይቻለሁ። ፈተናውን ያባዛሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ልቤን በላኝ። መዋጮ የወላጅ ጉዳይ ነው። ወላጅ ይጠራ፣ ካቅሙ በላይ ከሆነ ይነገር። ልጁን በጓደኞቹ ፊት ማስነሳት ግን ይቅር። እንዲህ ያለ ነገር ካለባችሁ ለጥቂት ልጆች የሚሆነውን ወረቀት እኔ በነፃ አባዛለሁ። ሌሎች የፎቶ ኮፒ ቤቶችም እንቢ አይሉም።

እንግዲህ የምለምነው ይህን ነው። በሩ በ2 ሰዓት ይዘጋ፤ ለልጅ ግን አይቆለፍ። የጥበቃ ሠራተኛው ያረፈደውን ልጅ ያስገባው። ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ይኑር፣ ጠረጴዛው ላይ አንድ ደብተር። አንድ መምህር ወይም መምህርት በተራ ይቀመጡ። «ለምን አረፈድክ?» ይበሉ፤ መልሱንም ይጻፉ፤ ልጁም ወደ ክፍሉ ይሂድ። ደብተሩን ዓርብ ዓርብ የክፍል ኃላፊው ያንብበው። ሦስት ቀን ስሙ የተጻፈ ልጅ ካለ ወላጁ ይጠራ፤ ለወቀሳ ሳይሆን ለምክክር። እናቱ ወይም አባቱ መምጣት ካልቻሉ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረቱ ሰው ቤታቸው ይሂድ። ጆተኒ ለሚጫወተው ሌላ ቅጣት ይፈለግለት፤ ከትምህርት በኋላ ቆይቶ የቤት ሥራውን ይሥራ፣ ችግኝ ውሃ ያጠጣ። ምን ይሻላል የሚለውን ደግሞ የተማሪ ፓርላማውን ጠይቁት። ፓርላማው ለበዓል ብቻ ባይሰበሰብ ደስ ይለዋል፤ አባላቱ ደንበኞቼ ናቸው፣ ይህን ራሳቸው ናቸው የነገሩኝ።

ጎማው ደግሞ ዛሬውኑ ይጣል። ለእሱ በጀት አያስፈልግም፣ ጥናት አያስፈልግም።

ያ የ4ኛ ክፍል ልጅ አሁንም ይመጣል። እጁ ድኗል። እናቱን አነጋግሬ ዘግይቶ ለሚከፍተው ምግብ ቤት ጎረቤታቸው እንዲያደርስላቸው ተስማምተናል፤ ሦስት ደቂቃ አልፈጀብንም። ከዚያ ወዲህ ያረፈደው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ በጭጋጉ ምክንያት ባጃጁም አላየው፣ እሱም መንገዱን አላየውም።

ደብተሩን አባዝቼ አስቀምጫለሁ። የልጆቹ ስም የለበትም። ከመምሪያው የሚመጣ ሰው ካለ በነፃ እሰጠዋለሁ። 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ብትመጡ ደግሞ ልጆቹን ራሳቸውን ታገኟቸዋላችሁ። ማሽኑን ከበው ይቆማሉ።

ከአክብሮት ጋር
ከትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት የምትሠራ እናት
ደሴ

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቱ ወላጅ፣ ተማሪና መምህር ህብረት
ለየትምህርት ቤቱ የተማሪዎች ፓርላማ